ታላቅነት በምን ይለካል? የሃያኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችና የምሁራኑ ሚዛን

የአሜሪካ የታሪክ ምሁራን ፕሬዚዳንቶቻቸውን በደረጃ መደርደር ከጀመሩ ቆይተዋል። አባትየው አርተር ሽሌዚንገር ሃምሳ አምስት የሙያ ባልደረቦቻቸውን ጠይቀው ያጠናቀሩት ውጤት በ1948 እ.ኤ.አ. በላይፍ መጽሔት ከወጣ ወዲህ ነገሩ ልማድ ሆኗል (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሲ-ስፓን የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያም በ2000፣ በ2009፣ በ2017 እና በ2021 ለምሁራን አሥር መመዘኛዎች እያቀረበ ነጥብ አሰጥቷል። በእነዚህ ሁሉ ሠንጠረዦች ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መሪዎች ቀድመው የተቀመጡት አንድ ሰው ናቸው፤ ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት።

ታዲያ ክርክሩ አበቃ ማለት ነውን? አላበቃም። ሠንጠረዡ ራሱ መመርመር ይገባዋል። ውድሮው ዊልሰን በ1948ም ሆነ በ1962 በሽሌዚንገር ምርጫ አራተኛ ነበሩ፤ በ2021 ግን በሲ-ስፓን ዝርዝር ወደ አሥራ ሦስተኛ ወርደዋል። በአንጻሩ ድዋይት አይዘንሃወር በ1962 ሃያ ሁለተኛ ተብለው ነበር፤ በ2021 አምስተኛ ሆነው ተገኝተዋል። ሟቾቹ ከመቃብር ተነሥተው የጨመሩት ወይም የቀነሱት ሥራ የለም። የተለወጠው የፈራጆቹ ዓይን ነው። ቀድሞ ለዊልሰን ክብር ያተረፈላቸው የዓለም ሰላም ሕልማቸው ነበር፤ በአስተዳደራቸው ዘመን በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጥቁርና ነጭ ሠራተኞች እንዲለያዩ መደረጉ ግን ለብዙ ዓመታት እንደ ኢምንት ታልፎ ቆይቷል። የሚመዝነው ሰው ሲለወጥ ሚዛኑም ይለወጣል።

ለሩዝቬልት የሚቀርበው ማስረጃ ግን ከዚህ ሁሉ ወጀብ ተርፏል፤ ምክንያትም አለው። በመጋቢት 1933 ሥልጣን ሲይዙ ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር፤ ባንኮችም በየክፍለ ግዛቱ ተዘግተው ነበር። በዚያው ዓመት ለባንክ ተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና ቆመ፤ በ1935 የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ወጣ፤ በ1938 ዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ተደነገገ። እነዚህ ተቋማት ተቃዋሚዎቻቸው ሥልጣን በያዙ ጊዜም አልፈረሱም። አራት ጊዜ ተመርጠው፣ አገራቸውን በዓለም ጦርነት መርተው፣ ድሉ ሊበሠር ሳምንታት ሲቀሩት ሚያዝያ 12 ቀን 1945 አረፉ። «ከሞቱ አሟሟቱ» እንዲሉ፣ በድል ዋዜማ ማለፋቸውም ለስማቸው ሞገስ ሳይጨምርላቸው አልቀረም።

ሆኖም በሌላው የሚዛን ጎን የሚቀመጠው ቀላል አይደለም። ሩዝቬልት በየካቲት 1942 በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹም የአሜሪካ ዜጎች፣ ያለ ክስና ያለ ፍርድ በአጥር ወደ ታጠሩ ካምፖች ተጋዙ። መንግሥት ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተረፉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሣ የወሰነው በ1988፣ በሮናልድ ሬገን ፊርማ ነው። የማኅበራዊ ዋስትናው ሕግም ሲወጣ የእርሻና የቤት ሠራተኞችን አላቀፈም፤ ከጥቁር ሠራተኞች አብዛኞቹ የሚገኙት ደግሞ በእነዚሁ ዘርፎች ነበር።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መዝገብ ይገልጣል። ጥቅምት 3 ቀን 1935 የፋሺስት ጦር መረብን ሲሻገር፣ ሩዝቬልት በኮንግረሱ የገለልተኝነት ሕግ መሠረት በሁለቱም ወገኖች ላይ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ዕገዳ ጣሉ። ዕገዳው በወረቀት ላይ እኩል ነበር፤ በተግባር ግን መሣሪያዋን ራሷ የምታመርተውን ጣሊያንን ብዙም አልነካም፤ መሣሪያ ከውጭ የምትገዛውን ኢትዮጵያን ግን እጇን አሰረ። የጣሊያን የጦር መኪኖች የሚሹት ነዳጅ በዕገዳው አልተካተተም፤ ነጋዴዎች በገዛ ፈቃዳቸው እንዲታቀቡ ተለመኑ እንጂ። ነዳጁም መጫኑን ቀጠለ። ለፍትሕ ያህል፣ የሩዝቬልት መንግሥት የጣሊያንን ወረራ በሕጋዊነት አለመቀበሉ ይታወሳል። ከአሥር ዓመት በኋላም፣ በየካቲት 13 ቀን 1945፣ በግብፅ ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ኩዊንሲ በተባለችው የጦር መርከብ በክብር ተቀብለዋል። ክብሩ ግን የ1935ቱን ዝምታ አይሽርም።

ለቀዳሚነት ብርቱ ተፎካካሪ ሊሆኑ የሚችሉት ምናልባት ሊንደን ጆንሰን ናቸው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ሩዝቬልት በደቡብ ሴናተሮች ፍራቻ ሳይነኩት ያለፉትን ቁስል ነክተዋል። በ1965 የተፈረመው የስደተኞች ሕግ በትውልድ አገር የተመደበውን ኮታ ሽሮ ለአፍሪካውያን በር ከፈተ፤ ዛሬ በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ከ1980ው የጥገኝነት ሕግ ጋር መሠረት ከሆኑት አንዱ ይኸው ነው። ነገር ግን በ1968 ቬትናም ውስጥ ከ500,000 በላይ የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ፤ ጆንሰንም በዚያው ዓመት ዳግም እንደማይወዳደሩ አስታወቁ። ይህን ሁሉ አንድ ቁጥር እንዴት ይሸከመዋል?

የምሁራኑ ሚዛን ድክመት እዚህ ላይ ይገለጣል። በሲ-ስፓን መመዘኛዎች ውስጥ «ለሁሉም እኩል ፍትሕን መሻት» እና «የአስተዳደር ችሎታ» እኩል ነጥብ ይይዛሉ። እንዲህ ያለ ስሌት የአንዱ ሰው ጡረታ የሌላውን ሰው እስራት የሚያካክስ ያስመስላል። የታሰረው ሰው ግን ጡረታውን ከተቀበለው ሰው ጋር አንድ አይደለም፤ ዕዳውም በሌላው ሰው ደስታ አይከፈልም።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» በሚባልበት ባህል እንዲህ ያለው ምርመራ ጭካኔ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የታሪክ ሥራ ሙትን ማመስገንም መውቀስም ነው። ሩዝቬልት ከክፍለ ዘመኑ መሪዎች የመጀመሪያውን ስፍራ ቢይዙ ፍርዱ ትክክል ነው፤ የሠሩት ተቋም ከእሳቸው በኋላ ለሌሎች እየሰፋ ሄዷልና፤ በ1950 ብዙ የእርሻና የቤት ሠራተኞችም ገብተውበታል። ስህተቱ ፍርዱ ያለ ዕዳው ሲነበብ ነው። በአማርኛ «ታላቅ» የሚባለው ገናናው ብቻ አይደለም፤ በዕድሜ የሚበልጠውም ታላቅ ነው። ታላቅ ወንድም በማዕድ ቀድሞ ይቀመጣል፤ ታናሹ ሲጎዳም ቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነው።