«ጋዜጣው እንዲህ አለ» ማለት ይበቃል ወይ?

ሰሞኑን ስለ ማጂ ታሪክ የተጻፉ ጥቂት የጓደኞቻችንን የመመረቂያ ጽሑፎች ተራ በተራ አነበብን። ድካማቸውን አናቃልልም። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነን። ከላይ «ጋዜጣው እንደ ዘገበው» ይላል፤ ከገጹ ግርጌ የጋዜጣው ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ ሰፍሯል። ገልጠን ብናየው ዘገባ የተባለው አንድ አንባቢ ለአዘጋጁ የጻፈው ደብዳቤ ሆኖ አገኘነው። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባል የለ? የዛሬው ሂሳችን በዚችው በቅሎ ላይ ነው።

ደብዳቤ ዘገባ አይደለም። ጸሐፊው ተናዶ፣ ተበድሎ ወይም ጥቅሙ ተነክቶበት ብዕር ያነሣ ሰው ነው። አንዳንዴም በብዕር ስም ይሸሸጋል። አዘጋጁ ደግሞ መርጦና ቆርጦ ያትመዋል። በእኛ አገር ከአዘጋጁ በላይ ሌላ ወንፊት ነበረ፤ በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ እስኪሽረው ድረስ ሳንሱር ያላለፈው ቃል ለአንባቢ አይደርስም ነበር። ስለዚህ የድሮ ደብዳቤ ስንጠቅስ የጸሐፊውን ሐሳብ ብቻ ሳይሆን እንዲታተም የተፈቀደለትንም ልክ መጥቀሳችን ነው።

ማጂን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1922 ሜጀር ሄንሪ ዳርሊና ዶክተር ሻርፕ ስለ ኢትዮጵያ የባሪያ ንግድ «ዌስትሚንስተር ጋዜት» በሚባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ለአዘጋጁ የተላከ ደብዳቤ ባይባልም፣ ከዝግጅት ክፍሉ ውጭ ያለ ሰው «ያየሁትን ልናገር» ብሎ የጻፈው ነውና ፈተናው አንድ ነው። ወሬው ቀላል አልነበረም። በዚያው ዓመት ጉዳዩ በመንግሥታት ማኅበር ተነሣ፤ ኢትዮጵያ በ1923 በማኅበሩ አባልነት ስትገባም የባርነት ነገር ዋና መከራከሪያ ነበር።

ታዲያ ዳርሊ ማን ነበር? በማጂ የእንግሊዝ የጠረፍ ሹም ነበር። ከዚያ በፊት ግን በዚያው አገር የዝሆን ጥርስ አዳኝ ነበር። በ1926 ያሳተመውም መጽሐፍ ርእሱ «ባሮችና የዝሆን ጥርስ» ነው። ይህን ሳይነግረን ዳርሊን እንደ ገለልተኛ ምስክር የሚያቆም ተማሪ አንባቢውን ያታልላል። ሰውየው አዳኝ ነበር ብሎ ቃሉን ሁሉ የሚጥልም እንዲሁ ይሳሳታል። የማጂ አገር በባሪያ ፍንገላ መራቆቱን በዚያው የተቀመጠው የእንግሊዝ ቆንስል አርኖልድ ሆድሰንም ጽፎታል። ወገን ያለው ምስክር ሁሉ ውሸታም አይደለም። ምስክር ነውና መመርመር አለበት፤ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን ያልጻፈው ሰው ነው። «ብርሃንና ሰላም» በ1917 ዓ.ም.፣ «አዲስ ዘመን» በ1933 ዓ.ም. ሲመሠረቱ ሁለቱም በአማርኛ፣ ሁለቱም አዲስ አበባ ላይ ነበሩ። የማጂ ዲዚ ገበሬ ቋንቋው ሌላ፣ ፊደል የማይቆጥር፣ ከማተሚያ ቤቱ የብዙ ቀን መንገድ የራቀ ነበር። «ክቡር አዘጋጅ ሆይ» ብሎ ማን ይጻፍለት? ስለ እርሱ የጻፈው ሹሙ፣ ነጋዴው ወይም መንገደኛው ነው። የተፈነገለው ሰው ድምፅ በአምዱ ላይ የለም።

እንግዲህ ዛሬ ምን እናደርጋለን? የአላፊ አግዳሚው ደብዳቤ ስለታተመ ብቻ «ሰነድ» ይባላል። ከአባቶቹ የሰማውን የሚነግረን የማጂ ሽማግሌ ቃል ግን «አፈ ታሪክ» ተብሎ ከጽሑፉ መጨረሻ ይጣላል። ይኼ ፍርድ ነው ወይ? የማተሚያ ቀለም እኮ ወሬን እውነት አያደርግም። ሁለቱም የሰው ቃል ናቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን እንመዝን እንላለን።

ሥራው ከባድ አይደለም። በግርጌ ማስታወሻው ላይ የጸሐፊውን ስም ወይም የብዕር ስም፣ የጻፈበትን ቦታ፣ የጋዜጣውን ቀንና ገጽ ማስፈር ነው። «ለአዘጋጁ የተጻፈ ደብዳቤ» ብሎ በግልጽ መሰየም ነው፤ ኤ.ፒ.ኤ. የተባለው የአሜሪካኖች የማጣቀሻ ደንብም ከርእሱ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ይህንኑ ያስጽፋል። ከላይም «ጋዜጣው ዘገበ» ሳይሆን «እገሌ የተባለ አንባቢ እንዲህ ሲል ጻፈ» ማለት ነው። ደብዳቤው ሰዎች በዚያን ጊዜ ምን ይሉ፣ ምን ይፈሩ፣ በምን ይከራከሩ እንደነበር በደንብ ይመሰክራል። ነገሩ በእርግጥ መፈጸሙን ግን ብቻውን አያስረዳም።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከሚዛን ተፈሪም ከቴፒም ተነሥታችሁ ወደ ማጂ ለጥናት የምትወጡ ሁሉ፣ የጋዜጣውን ቅጂ በቦርሳችሁ ያዙ። ስትደርሱ ግን መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ አንብቡላቸው። ከዚያ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» በሏቸው። መልሳቸውም ከደብዳቤው ጎን፣ በዚያው ገጽ ላይ ይስፈር።