የተማሪ መዝገብና የኤሌክትሮኒክ ሰነድ ዝውውር፤ ከአልዱባ አንጻር የቀረበ ሂስ

በዘመናዊ መሥሪያ ቤቶች ሰነድን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ መያዝና ስለ ማስተላለፍ በሚነገርበት ጊዜ ንግግሩ አብዛኛውን ጊዜ በመሣሪያው ላይ ያርፋል። ኮምፒዩተር ተገዛ፣ መስመር ተዘረጋ፣ ባለሙያ ሠለጠነ ይባላል። የተላከው ሰነድ ከተቀባዩ ዘንድ ምን ሆኖ ደረሰ የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ጥያቄ ከተማሪዎች መዝገብ ተነሥቶ መመርመር ነው። ጸሐፊው በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ በመሆኑ፣ ሂሱ የራሱንም የሥራ ክፍል እንደሚነካ አስቀድሞ መናገር ይገባዋል።

አልዱባ በደቡብ ኦሞ፣ በበና ፀማይ ወረዳ የምትገኝ አነስተኛ ከተማ ናት። ገበያዋ ማክሰኞ ይውላል። በዚያ አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች ወደ ወረዳው ዋና ከተማ ወደ ቀይ አፈር የሚላክ ወረቀትም ሆነ ፍላሽ የገበያ ቀን መኪና ቢጠብቅ የሚያስደንቅ አይደለም። ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ፣ ከጂንካ ወደ ክልሉ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ይቀጥላል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሞላው የትምህርት መረጃ አስተዳደር ሥርዓት መጠይቅ የሚጓዘው በዚሁ መንገድ ነው። በየደረጃው እየተደመረ ሄዶ በመጨረሻ የትምህርት ስታቲስቲክስ ዓመታዊ መጽሔት ሆኖ ይወጣል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዕቅድ አውጪው በክፍል፣ በጾታና በክልል የተለየ አኀዝ በእጁ የሚያገኘው በዚህ ድካም ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ጉዞ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ይቀራል፤ ይኸውም ልጁ ራሱ ነው። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜና ውጤት ያለው ተማሪ፣ ከወረዳው ጠረጴዛ ሲደርስ የአንድ ድምር አካል ብቻ ይሆናል። ልጆች በአንድ ስፍራ ጸንተው በሚማሩበት አገር ይህ ብዙ ጉዳት አያደርስ ይሆናል። በደቡብ ኦሞ ግን ሣርና ውኃ ፍለጋ ከከብት ጋር የሚንቀሳቀስ ቤተሰብ አለ፤ ከብቱን የሚጠብቀውም አብዛኛውን ጊዜ ለትምህርት የደረሰው ልጅ ነው። ከአልዱባ ወጥቶ ወደ ወይጦ ሸለቆ የወረደ፣ ወይም ዘመድ ዘንድ ሊማር ወደ ጂንካ የሄደ ተማሪ መሸኛ ካልያዘ፣ በአንዱ ትምህርት ቤት «አቋረጠ»፣ በሌላው «አዲስ ገባ» ተብሎ ይጻፋል። አንዱ ልጅ ሁለት ሆኖ ተቆጠረ፤ ሁለቱም ቁጥር ስሕተት ነው። በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መጽሐፍ ይታተማል፣ መምህር ይመደባል። አንድ ርእሰ መምህርም ስለ ማቋረጥ መጠን በስብሰባ ይወቀሳል።

«እንግዲያውስ ከድምሩ ይልቅ የእያንዳንዱ ተማሪ መዝገብ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይተላለፍ» የሚል መልስ እንደሚሰጥ ይታወቃል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ የአማርኛ ስም ወይም አንድ የኢትዮጵያ ቀን ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር የሚደርስበትን በቅርብ የተመለከቱ አይመስሉም።

ስሙን እንመልከት። አንዱ መምህር «ኃይሉ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ሀይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ይለዋል። ለአንባቢ አንድ ሰው ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰዎች ናቸው። በፀሐይና በጸሀይም እንዲሁ። የበና ልጅ ሲሆን ችግሩ ይበረታል፤ ቋንቋው አየር ወደ ውስጥ ተስቦ የሚነገሩ ድምፆች ስላሉት፣ በተለመደው ፊደል ለመጻፍ የሚሞክረው እንግዳ መምህር ጆሮው እንደ ፈቀደለት ያሰፍራል። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣው መምህር በሌላ ፊደል ይጽፈዋል። በቤት የሚጠራበት ስም ሌላ፣ በትምህርት ቤት የተሰጠው ስም ሌላ የሆነም አለ። በዚህ ላይ በውጭ አገር የተሠራው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ሲጠይቅ፣ መዝጋቢው አንዳንዴ የአባቱን፣ አንዳንዴ የአያቱን ስም ይሞላል።

ቀኑ ከዚህ የባሰ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደን ልጅ መዝጋቢው በኤክሴል ሠንጠረዥ 5/13/2009 ብሎ ይጽፈዋል። ኮምፒዩተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካኖች ልማድ የተስተካከለ ከሆነ አምስተኛው ወር፣ 13ኛው ቀን ብሎ ያነበዋል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 5 ቀን 2001 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ልጁ በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ከ4 ወር አረጀ። ቀንን በሚያስቀድመው ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ 13ኛ ወር ስለማይታወቅ ጽሑፉ ከቀን ተራ ይወጣል፤ የዕድሜ ስሌቱም ልጁን ዘልሎ ያልፋል። በሁለቱም መንገድ ማሽኑ አልተበላሸም፣ መዝጋቢውም አልዋሸም። የተበላሸው በላኪና በተቀባይ መካከል ሊኖር ይገባ የነበረው ስምምነት ነው። የተማሪው መለያ ቁጥር «0047» ከሆነም እንደ ተራ ቁጥር ተወስዶ 47 ሆኖ ይቀራል።

ስለ ፊደሉም ጥቂት መባል አለበት። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የየራሱ ምስጢራዊ ቁጥር ነበረው ማለት ይቻላል። በአንዱ የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ዩኒኮድ ከመጣም በኋላ መሥሪያ ቤቶች በአሮጌው መንገድ ለረጅም ጊዜ ጽፈዋል፤ የእነዚያ ሰነዶች ዕጣ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ዛሬም ቢሆን የአማርኛ ስሞችን የያዘ ሠንጠረዥ ለማስተላለፍ ሲባል ያለ ጥንቃቄ ወደ ተራ ጽሑፍ ሲለወጥ፣ የተማሪዎቹ ስም በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይገኛል።

ይህ ሁሉ የድህነት ውጤት ብቻ ነው የሚል ካለ የእንግሊዝን ጉዳይ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም መጨረሻና ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና መሥሪያ ቤት 15,841 የኮሮና ሕሙማንን ከዕለታዊ ሪፖርቱ አጥቷል። ምክንያቱ ከላቦራቶሪ የመጣው መረጃ ወደ አሮጌ የኤክሴል ቅርጽ በመዛወሩ ነበር፤ ያ ቅርጽ ከ65,536 መስመር በላይ አይዝም፤ ትርፉን ያለ ምንም ድምፅ ቆርጦ አስቀርቶታል። የላከው ልኬአለሁ ብሏል፤ የተቀበለውም ተቀብያለሁ ብሏል።

በሕግ በኩል ክፍተት አለ ለማለት አያስደፍርም። ስለ ቤተ መዛግብት አዋጅ ቁጥር 179/1991፣ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። የቢሮው ልማድ ግን ከሕጉ ርቆ ቆሟል። ሠንጠረዡ በኮምፒዩተር ይሠራል፣ ታትሞ ማኅተም ይመታበታል፣ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ በቴሌግራም ይላካል፤ ተቀባዩም ከፎቶው እያየ እንደገና ይጽፈዋል። በዚህ መካከል የሕፃናቱ ስምና ዕድሜ አባላቱ እነማን እንደሆኑ በማይታወቅ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ይህን ኤሌክትሮኒክ የሰነድ አያያዝ ብሎ መጥራት ስሙን ያለ ግብሩ መስጠት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን። ይህ ጸሐፊ ካዘጋጃቸው የኮሌጅ ማስተማሪያዎች በአንዱ እጩ መምህራን የኮምፒዩተርን ክፍሎች በስም እንዲዘረዝሩ ይጠየቃሉ። መልሱን ያውቁታል። ነገር ግን ፋይልን እንዴት መሰየም እንደሚገባ፣ የላኩትን ሠንጠረዥ ቅጂ የት እንደሚያስቀምጡ፣ የተማሪን ቀን በሦስት ሣጥን ከፍሎ መጻፍ ምን እንደሚያድን ማስተማሪያው አንድ ገጽ እንኳ አልሰጠም። ተመርቆ የወጣው መምህር ፋይሉን «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ የታረመ» ብሎ ቢሰይም ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ ሌላ ነገር አለ። በ1990ዎቹ ወረዳኔትና ስኩልኔት ሲዘረጉ፣ የፕላዝማ ትምህርት ከላይ ወደ ታች ብቻ ይወርድ ነበር፤ ተማሪው ስክሪኑን መልሶ ሊጠይቅ አይችልም። የዛሬው መረጃ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ብቻ ይወጣል። ከአልዱባ አካባቢ የሄደው ሠንጠረዥ ተደምሮ፣ ታርሞና ታትሞ ሲያበቃ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመለስ ቅጠል የለም። ርእሰ መምህሩ የላከው ቁጥር በትክክል መመዝገቡን የሚያውቅበት መንገድ ከሌለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ለትክክለኛነቱ የሚጨነቅበት ምክንያት ምን ይሆናል? በጸሐፊው አስተያየት የጥራት ጉድለት ትልቁ ምንጭ ከመሣሪያ እጥረት ይልቅ ይህ ነው።

ስለዚህ አዲስ ሥርዓት ከመገዛቱ በፊት ወረዳው የመዘገበውን ለየትምህርት ቤቱ መልሶ ማሳየት፣ ርእሰ መምህሩም ካላረጋገጠ ወደ ዞን አለማሳለፍ ቢለመድ ይበጃል። ይህ ፍላሽና አንድ ወረቀት እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም። የተማሪው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ በተጻፈበት ፊደል ጸንቶ ይቆይ፤ ለማስተካከል የሚፈልግ መምህር አዲሱን ስም ከጎኑ ይጻፍ እንጂ አሮጌውን አይሰርዝ። በመጀመሪያው ምዝገባ የተሰጠው ቁጥርም በመሸኛው ላይ ይስፈር። ከአልዱባ የሄደውን ልጅ የተቀበለው የጂንካ ትምህርት ቤት ያን ቁጥር ጠቅሶ አንድ መስመር መልስ ይላክ፤ በስልክም ይሁን በማክሰኞው መኪና። ያ መልስ ሲደርስ የአልዱባው መዝጋቢ «አቋረጠ» የሚለውን ሰርዞ «ተዛወረ» ብሎ ይጽፋል።