የድሮ ሰው መስሎኝ

ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነው የሰማሁት። ዜማው የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራን ዘመን ይሸታል፤ ዘፋኙ ቃሉን አንጠልጥሎ ይዞ፣ ትንሽ አንቀጥቅጦ ለቀቀው።

«የማን የድሮ ሥራ ነው?» አልኩት ሾፌሩን።

ሳቀብኝ። «የምን ድሮ! ዳዊት ጽጌ ነው እኮ።»

የባላገሩ አይዶል አሸናፊ፣ በ2012 ዓ.ም. «የኔ ዜማ»ን ያወጣው ልጅ! ጥላሁን ገሠሠን የሚያስመስል በየምሽት ክበቡ ሞልቷል፤ ማስመሰል ብዙም አይከብድም። ይሄ ልጅ ግን አይቸኩልም። ሌላው በሚጮህበት ቦታ እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ትንፋሹን ቆጥቦ ስንኙ መጨረሻ ላይ ያፈሰዋል። የቀደሙትን የወረሳቸው ጉሮሯቸውን ሳይሆን ትዕግሥታቸውን ይመስለኛል።

ሳር ቤት ወራጅ ነበርኩ። ሜክሲኮ ደረስኩ።