ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድባቴ፦ የደም ናሙናው ስለ አንጎል ምን ይነግረናል?

ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ከሦስቱ አንዱን ገደማ ድባቴ ይይዘዋል። ለምን? የምታነቡት መልስ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፦ አንጎልን የሚያሳድገው ቢዲኤንኤፍ ያንሳል፣ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ይቆጣሉ፣ በቃ። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል።

መጀመሪያ ታሪኩን እንስማው። ቢዲኤንኤፍ የነርቭ ሕዋሳት እንዳይሞቱና እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚያግዝ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ኢቭ-አላን ባርድና ሃንስ ቶነን ከአሳማ አንጎል ለይተው አወጡት። ማይክሮግሊያ ደግሞ የአንጎል ዘበኞች ናቸው። የደም ሥር ተዘግቶ ሕዋሳት ሲሞቱ ፍርስራሹን ይጠርጋሉ፤ ብግነት የሚያቀጣጥሉ ኬሚካሎችም ይለቃሉ። እነዚህ ኬሚካሎች ሴሮቶኒን የሚሠራበትን ትሪፕቶፋን ወደ ሌላ መንገድ ያዞሩታል። አይጦች ላይ ሰንሰለቱ ደህና አድርጎ ታይቷል።

ችግሩ ሰው ላይ ስንመጣ ነው። የሕያው ሰው አንጎል ተቆርጦ አይታይም፤ ስለዚህ ደም ይቀዳል። ሴረም ውስጥ የሚለካው ቢዲኤንኤፍ ግን እኮ አብዛኛው ደም ሲረጋ ፕሌትሌቶች የሚለቁት ነው! ናሙናው ስንት ደቂቃ እንደቆመ ብቻ ቁጥሩን ሊቀይረው ይችላል። ያልበሰለው የፕሮቲኑ ቅርጽም ከበሰለው ተቃራኒ ሥራ አለው፤ ብዙ መለኪያዎች ሁለቱን አይለዩም።

መድኃኒቱስ? እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች በአይጥ አንጎል ቢዲኤንኤፍን ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ፎከስ የተባለ የብሪታንያ ሙከራ ፍሎክሰቲንን በ3,127 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ ለስድስት ወር ፈተሸ። ድባቴ ቀነሰ፤ የአካል ማገገም አልተሻሻለም፤ የአጥንት ስብራት ጨመረ። አንድ ሞለኪውል ሁሉንም በር ይከፍታል ያለ ሰው እዚህ ቢቆም ይሻለዋል።

አሁን ነገሩን ወደ ጋሞ ዞን እናምጣው። ከአርባ ምንጭ ሽቅብ፣ ዶርዜ ላይ ያለ ሸማኔ ቀኝ እጁ ከዳው እንበል። ሽመና መወርወሪያውን አንዱ እጅ ሲወረውር ሌላው የሚቀበልበት፣ እግርም የሚረግጥበት ሥራ ነው። እጁ ሲዝል እንጀራውም ይቆማል። ድባቴው የብግነቱ ነው ወይስ የኑሮው? የደም ቁጥር ይህን አይመልስም። እንደኔ ጥያቄው ራሱ ትንሽ ጠማማ ነው፤ ረጅም ጭንቀትም ብግነትን ያባብሳልና።

ደሙን የምናመሳክረው ደግሞ ከመጠይቅ ጋር ነው። በብዛት የሚሠራበት ባለ ዘጠኝ ጥያቄው ሲሆን በአማርኛም ተፈትሿል። ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ድካም ይጠይቃል፤ እነዚህን እኮ ስትሮክ ራሱ ያመጣቸዋል። ሸማኔው አፉን የፈታው በጋሞኛ ቢሆንስ? ከነጭራሹ መናገር ቢያቅተውስ? ብዙ ጥናቶች መናገር የተሳነውን ታማሚ ገና ከመግቢያው ያስቀሩታል። የደም ምርመራ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ግን ለእሱ ነበር! ቁጥሩ የተሰበሰበው አንደበት ካላቸው ሰዎች ከሆነ ለእሱ ምን ያህል እንደሚሠራ ማን ያውቃል?

ታማሚውን ሳይሆን አስታማሚውን የሚጠይቁ መጠይቆችም አሉ፦ ያለቅሳል ወይ፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይሸሻል ወይ። እኔ የምርምር ገንዘብ ቢሰጠኝ መጀመሪያ እነሱን በጋሞኛ አዘጋጅቼ እፈትሽ ነበር፤ ደሙ ፍሪጅ ውስጥ ትንሽ ይቆይ።