«መታወቂያው ትክክል ነው» ማለት ድራይቨሩ ይሠራል ማለት ነውን?

ቢኤምፒ280 የተባለውን የአየር ግፊት ሴንሰር ከማይክሮኮንትሮለር ጋር በኤስፒአይ መስመር ለሚያገናኙ ጀማሪዎች የሚሰጠው የተለመደ ምክር፣ «አስቀድመህ የሴንሰሩን መታወቂያ አንብብ፤ በሄክሳዴሲማል 58 ከመጣ መስመሩ ደኅና ነው» የሚል ነው። ይህ ምክር ግማሽ እውነት ነው እንላለን፤ የሚያረጋግጠው ማንበብን ብቻ ነውና።

በዚህ ሴንሰር የአድራሻው ከፍተኛ ቢት 1 ሲሆን ማንበብ፣ 0 ሲሆን መጻፍ ነው። በአምራቹ ሰነድ አድራሻዎቹ ሁሉ የተመዘገቡት ቢቱ 1 እንደ ሆነ ስለ ሆነ ንባቡ ያለ ጥንቃቄ ይሳካል። የሥራ ትእዛዝ በሚቀበለው ሬጂስተር በኤፍ4 ላይ ለመጻፍ ግን አድራሻው 74 ተብሎ መላክ አለበት። ይህን የዘነጋ ድራይቨር ሴንሰሩን አያነቃውም፤ የተኛውም ሴንሰር ለሙቀትም ለግፊትም የማይለወጠውን መነሻ ቁጥር፣ በሄክሳዴሲማል 80000ን፣ ይመልሳል።

አሳሳቹ ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር በሰነዱ የምሳሌ መለኪያዎች ሲሰላ ወደ 820 ሄክቶፓስካል ይሆናል። የባሕር ጠረፍ ግፊት 1013 ገደማ ስለ ሆነ በዚያ የሚሠራ ሰው ስሕተቱን ወዲያው ያውቀዋል። በጎጃም ግን 820 የባሕር ዳርን ግፊት ይመስላል። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ማርቆስም፣ እውነተኛው ወደ 760 ሲሆን፣ «የደጋ አየር ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። በዚህ የተሠራ የአየር ጠባይ ጥናት ከንቱ ድካም ነው።

ስለዚህ በምክሩ ላይ ሁለት ነገር እንዲጨመር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በኤፍ4 የተጻፈው ተመልሶ ይነበብ፤ ዜሮ ከሆነ ትእዛዙ አልደረሰም። ሁለተኛ፣ ሴንሰሩ ከምድር ቤት ወደ ፎቅ ይውጣ፤ በሦስት ሜትር 0.3 ሄክቶፓስካል ያህል መቀነስ አለበት። እነዚህን ሁለቱን ያላሳየ ሪፖርት «ድራይቨሩ ይሠራል» ባይል እንወዳለን።