«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ»፦ በአንድ ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

መድኃኒት የማይበግረውን የሳንባ ነቀርሳ በአማርኛ «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» ብሎ መጥራት ሥር ከሰደደ ቆይቷል። ሰፋ ባለ መልኩም ችግሩ «የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በጀርሞች መለመድ» ይባላል። ስያሜው አጭርና ለጆሮ የሚቀል፣ ማስጠንቀቂያነቱም ግልጽ በመሆኑ በጤና ትምህርት ተወዳጅ መሆኑ አያስገርምም። ይሁንና ቃሉ የሚናገረው በባክቴሪያው ውስጥ ከሚፈጸመው ጋር አይገጥምም፤ አለመግጠሙም የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

«ተላመደ» የሚባለው አንድ ፍጡር በድግግሞሽ ከሌላው ጋር ሲግባባ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት፣ በሬም ከቀንበር ጋር ይላመዳል። ይህን የሰማ ሕሙም መድኃኒቱን የለመደው የራሱ ሰውነት ነው ብሎ ሊረዳ ይችላል። ይበልጥ አሳሳቢው ግን፣ መላመድ ከመደጋገም የሚመጣ ከሆነ መድኃኒቱን አልፎ አልፎ ማሳረፍ ይበጃል ብሎ የሚያስብ እንደሆነ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ሳያቋርጥ እንዲወስድ ለሚመከር ሰው ከዚህ የከፋ ድምዳሜ የለም። ድምዳሜው ደግሞ ከሕሙሙ አላዋቂነት ሳይሆን በቀጥታ ከቃሉ የሚወጣ ነው።

በጂንካና በደቡብ ኦሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። በአካባቢው አሪኛን፣ ሐመርኛን፣ ዳሰነችኛን፣ ሙርሲኛንና ኛንጋቶምኛን የመሳሰሉ፣ በዝምድና እጅግ የተራራቁ ልሳናት ይነገራሉ። የሐኪሙ አማርኛ በአስተርጓሚ በኩል ወደ እነዚህ ሲሻገር፣ ከመነሻው የተዛነፈ ቃል ቀንቶ ይደርሳል ተብሎ አይጠበቅም። ውኃና ግጦሽ ፍለጋ ከከብቱ ጋር የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ደግሞ ሕክምና ለማቋረጥ የሚገፋፋው ምክንያት አስቀድሞም አያንሰውም።

በባክቴሪያው ውስጥ የሚፈጸመው ምንድን ነው? ባክቴሪያ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን ይቀዳል። ቅጂው ካገኘው ቦታ ሁሉ አይጀምርም። ዣኮብ፣ ብሬነርና ኩዛን እ.ኤ.አ. በ1963 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት የተወሰነ መነሻ ሥፍራና ያንን ሥፍራ የሚያነቃ አስጀማሪ ያስፈልጋል። አስጀማሪው «ዲኤንኤ-ኤ» የተባለ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። ኤቲፒ የተሸከሙ በርካታ የዚህ ፕሮቲን ቅንጣቶች በመነሻው ሥፍራ ተሰባስበው ድርብ ክሩን በትንሹ ይለያዩታል። ክሩን እየፈታ የሚሄደው ኢንዛይም በዚያ ክፍተት ይገባል፤ ቅጂውም በሁለት አቅጣጫ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የቲቢ ባክቴሪያ ዘረመል በሙሉ ተነብቦ ሲታተም፣ ከ4.4 ሚሊዮን የሚበልጡት ፊደላቱ መቆጠር የጀመሩት ከዚሁ ፕሮቲን ጂን ነው። ኢ-ኮላይ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ ሲከፈል የቲቢ ባክቴሪያ አንድ ቀን ገደማ ይፈጅበታል።

ቅጂ ያልጀመረ፣ በእንቅልፍ ላይ ያለ ባክቴሪያ በማደግ ላይ ያሉትን ከሚገድለው አይሶኒያዚድ ዘረመሉ ሳይለወጥ ያመልጣል። ሕክምናው የሚረዝምበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቅጂ የጀመረው ደግሞ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች አንዱ ገደማ አይሶኒያዚድን፣ ከመቶ ሚሊዮን አንዱ ገደማ ሪፋምፒሲንን የማይፈራ ሆኖ ይገኛል፤ ይህም ሕሙሙ አንድም ክኒን ሳይቀምስ ነው። ሉሪያና ዴልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1943 ኢ-ኮላይን ለአጥቂ ቫይረስ አጋልጠው ባደረጉት ሙከራ፣ እንዲህ ያለው ለውጥ ከጥቃቱ በፊት በዘፈቀደ እንደሚፈጠር አሳይተዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው እንደ ወንፊት ነው፤ ያልነበረውን አይፈጥርም፣ የነበረውን ይለያል። አንድ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ፣ ወይም ሕክምናው ሲቆራረጥ፣ በወንፊቱ ላይ የቀሩት ይባዛሉ። ከእነርሱ በትንፋሽ የተያዘ ሰውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መድኃኒት የማይበግረው ቲቢ ይኖረዋል። «የተላመደ» የሚለውን ቃል የያዘ ጤና ባለሙያ ግን ከዚህ ቀደም ታክሞ የማያውቀውን ሕሙም ለመጠርጠር ሊዘገይ ይችላል፤ መቼ ተላመደና!

ይህን ለአርብቶ አደር ማስረዳት የሚታሰበውን ያህል አይከብድም። ከድርቅ የተረፈች ላም የተረፈችው ረኀብን ተምራ አይደለም፤ ቀድሞውንም የምትችል ሆና ነው፤ ቀጣዩም መንጋ ከእርሷ ይወለዳል። ዝግመተ ለውጥ ሲነሣ ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው በኦሞ ኪቢሽ የተገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ዕድሜውን ወደ 230 ሺህ ዓመት ያደረሰውን የሰው ቅሪተ አካል ነው። በዚያው ምድር፣ በአንድ ሰው ሳንባ ውስጥ፣ በወራት የሚፈጸመው ዝግመተ ለውጥ እምብዛም አይወሳም።

ለስያሜው ጥብቅና የሚቆም ሰው እ.ኤ.አ. በ2020 በፕሎስ ፓቶጅንስ መጽሔት የወጣውን የሂክስና የባልደረቦቹን ጥናት ሊጠቅስ ይችል ይሆናል። ጥናቱ ከሕሙማን የተገኙ የቲቢ ባክቴሪያዎችን ዘረመል አነጻጽሮ፣ በዚሁ በቅጂ አስጀማሪው ጂን ላይ የሚደርሱ ለውጦች የአይሶኒያዚድን ኃይል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። አይሶኒያዚድ የሚሠራው ባክቴሪያው ራሱ «ካት-ጂ» በተባለ ኢንዛይሙ ሲያነቃው ነው። አስጀማሪው የተለወጠበት ባክቴሪያ ይህን ኢንዛይም አሳንሶ ያመርታል፤ መድኃኒቱን ፈጽሞ ባይረታውም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይበታል። ደረጃ በደረጃ የሚሄድ በመሆኑ በእርግጥም መላመድ ይመስላል። ነገር ግን ደረጃውን የሚወጣው አንድ ባክቴሪያ ሳይሆን ትውልድ ነው። «መላመድ» ለዘር ሐረግ ከተባለ ያስኬዳል፤ ለግለሰብ ባክቴሪያ ግን ስሕተት ነው፤ ሕሙሙ የሚሰማው ደግሞ ይህንኑ ስሕተት ነው። «የሚቋቋም» የሚለው አማራጭም ቢሆን ፈቃድና ትግል ያለ ያስመስላል። «መድኃኒት የማይበግረው» የሚለው የተሻለ ነው፤ እንዴት እንደ መጣ ሳይዋሽ ምን እንደ ሆነ ብቻ ይናገራልና።

የዚህ ጥናት ትልቁ ትምህርት ግን ከስያሜው አልፎ ወደ ላቦራቶሪ ይዘልቃል። በኢትዮጵያ የቲቢ ባክቴሪያን የዘር ሐረግ የመለየት ሥራ ፍሬ አፍርቷል፤ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የሚገኘው ሰባተኛው ሐረግ ለዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። ከደቡብ ኦሞ ሕሙማን የተሰበሰቡ ባክቴሪያዎችም ስፖሊጎታይፒንግ በተባለው ዘዴ ተለይተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ሥራው የሚመሰገን ነው። ዘዴው ግን ባክቴሪያው ከየትኛው ጎሣ እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ በቅጂ አስጀማሪው ላይ ምን እንደ ደረሰ አይናገርም። በየሆስፒታሉ የተለመደው የጂን-ኤክስፐርት ምርመራም የሚያነበው ሪፋምፒሲንን የሚመለከተውን ጂን ነው። አይሶኒያዚድን የሚመለከቱት ተጨማሪ ምርመራዎችም ቢሆኑ «ካት-ጂ»ንና «ኢንህ-ኤ»ን እንጂ የአስጀማሪውን ጂን አይፈትሹም። ስለዚህ «ሪፋምፒሲን አልተላመደም» የሚል ውጤት የያዘ ሕሙም ወደ መንደሩ ሲመለስ፣ ወረቀቱ ስለ አንድ መድኃኒት የተናገረውን አስተርጓሚው ስለ መድኃኒቶቹ ሁሉ እንደ ተነገረ አድርጎ ሊያደርስለት ይችላል።