የቁስቋም ግንብና ስማቸው ያልተጻፈ ግንበኞች

ከጎንደር ከተማ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ በተራራ ግርጌ የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ፍርስራሽ ይገኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእስራኤል ሄደን ከልጅ ልጆቻችን ጋር በጎበኘነው ጊዜ አስጎብኚው የእቴጌዪቱን ታሪክ በሚገባ አስረዳን። ከልጆቹ አንዱ «ማን ነው የሠራው?» ቢለው «እቴጌ ምንትዋብ» አለ። ልጁም «ድንጋዩን የጠረበውስ?» ሲል «ፖርቱጋሎች ይሆናሉ» ብሎ አለፈ። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን ያ መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ባላባት ወገን ናቸው። ባለቤታቸው ዓፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበሩ፣ እቴጌዪቱ ዘውድ ጭነው መንግሥቱን አስተዳደሩ። በ1732 ዐመፅ ተነሥቶ ቤተ መንግሥቱ በተከበበ ጊዜ የደረሱላቸው የቋራ ዘመዶቻቸው ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ወንድማቸው ራስ ወልደ ልዑልና ሌሎቹ የቋራ ሰዎች በጎንደር በረቱ። ቁስቋም የተሠራው በዚህ ዘመን ነው። ስለዚህ የነገሥታት ቤት ብቻ አድርገን ልናየው አይገባም። ወገኑን ይዞ የተነሣ የአንድ ባላባት ቤተ ሰብ የገጠር ግንብ ነው፤ ከከተማው ሁከት የራቀ፣ ለከተማው ግን ቅርብ።

አሠራሩም ይህንኑ ይናገራል። ዙሪያውን የግንብ አጥር ከነማማዎቹ ያጥረዋል፤ በውስጡ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የእቴጌዪቱ መኖሪያና ሰፊው የግብር አዳራሽ ነበሩ። የዓፄ ፋሲል ግንብ ግዙፍና ኮስታራ ነው። የቁስቋሙ ግን ዐይን የሚያሳርፍ ነው። ግድግዳው ከጠቆረ ድንጋይ ሲሆን፣ የመስኮቱና የበሩ ዙሪያ ለመጥረብ በሚመች ቀይ ድንጋይ ተከብቧል፤ በዚሁ ቀይ ድንጋይ መስቀልና የእንስሳት ምስል ተቀርጾ በግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ጣሪያው ጠፍቶ እንኳ ጌጡ ዛሬም ይታያል። የግንቡን ውበት የሠራው መጠኑ ሳይሆን የጠራቢው እጅ ነው እንላለን።

እንግዲህ ያ እጅ የማን ነው? የፖርቱጋል ነው የሚለውን አንቀበልም። ኢየሱሳውያን ከአገር የወጡት ዓፄ ፋሲል በነገሡበት በ1630ዎቹ መጀመሪያ ነው። ጎንደር የተቆረቆረችው በ1636 ነው፤ ቁስቋም የተሠራው ደግሞ ከዚያ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በሌላ በኩል፣ የውጭ ሰው ዕውቀት የለበትም ማለታችን አይደለም። በዓፄ ሱስንዮስ ዘመን የኖራ አሠራር የተስፋፋው ከሕንድ በመጣ ዕውቀት ነው። የተማረውን ይዞ ትውልድ ከትውልድ የገነባው ግን የአገሩ ሰው ነው።

ከእነዚያ ግንበኞች መካከል ወገኖቻችን ቤተ እስራኤል ይገኙበታል። አባቶቻችን እስከ ዓፄ ሱስንዮስ ዘመን በተደረጉት ጦርነቶች ድል ሆነው ርስታቸውን ሲያጡ፣ ብዙዎቹ በእጅ ሙያ አደሩ። በጎንደር ዘመን ግንበኞችና አናጢዎች ሆነው ነገሥታቱን አገልግለዋል፤ አለቆቻቸውም አዛዥና በጅሮንድ የሚል ማዕረግ፣ መሬትም ተሰጥቷቸዋል። ይህ እየሆነ ሳለ በ1668 በዓፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲኖሩ ታዘዘ። ለግንቡ ሥራ ተፈለጉ፤ ለጉርብትና ግን አልተፈለጉም።

እዚህ ላይ የራሳችንንም ሰዎች እንወቅሳለን። በሠርግና በለቅሶ ቤት «የጎንደርን ግንብ ሁሉ የሠራነው እኛ ነን» ሲባል እንሰማለን። ይህ ልክ አይደለም። በጎንደር የሌላውም ወገን ግንበኛ ሠርቷል። ታሪካችንን የነጠቀን ሰው በሐሰት ቢነጥቀን እኛም በሐሰት አንመልሰው። እውነተኛው ድርሻችን ለልጆቻችን ይበቃል።

የባላባቱ ቤት ሲወድቅ የግንበኛውም እንጀራ አብሮ ወደቀ። ዳግማዊ ኢያሱ በ1755 ሞቱ። የእቴጌዪቱ የልጅ ልጅ ዓፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ተገደሉ፤ ራስ ሚካኤል ደግሞ የእቴጌዪቱን ልጅ ወይዘሮ አስቴርን ያገቡ ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1770 ሲመጣ እቴጌ ምንትዋብ በቁስቋም ተቀበሉት፤ በ1773ም በዚያው አረፉ። በዘመነ መሳፍንት ግንብ የሚያሠራ ንጉሥ ጠፋ። ግንበኞቻችንም ማዕረጋቸው ቀርቶ በቀጥቃጭነት፣ በሽመናና በሸክላ ሥራ ብቻ ታወቁ። «ጠቢብ» የሚለው የክብር ቃል እንኳ «ቡዳ» ከሚለው ጋር ተዳብሎ መሰደቢያ ሆነ። በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከጥፋቱ አላመለጠም። ፋሲል ግቢና አካባቢው፣ ቁስቋምንም ጨምሮ፣ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

በልጅነታችን ከቄሶቻችን እግር ሥር ተቀምጠን ኦሪትን ስንማር፣ ድንኳኑን ስላሠራው ስለ ሙሴ ብቻ አልተማርንም። የሠሩትም ባስልኤልና ኤልያብ በስማቸው፣ ከነአባታቸውና ከነነገዳቸው ተጽፈዋል፤ ኤልያብም ከዳን ነገድ ነው። ኦሪት ለሠሪው የሰጠችውን ክብር እኛ ለአባቶቻችን ልንነፍግ አይገባም። ስለዚህ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ግንበኛ የነበረ አንባቢ ሁሉ፣ የሰማውን ስም፣ የሠሩበትን ቦታ፣ የመሣሪያውን መጠሪያ ጭምር ዛሬውኑ ይጻፍ፤ ሽማግሌ ያለው ይጠይቅ። ለዚያ የልጅ ልጃችን መልስ የምናገኘው ከዚያ ነው።